ይህን ጋብቻ ጎሜ አትበሉት

ለጋሞ ካዎዎች፣ ሀላቃዎችና የሀገር ሽማግሌዎች
በያላችሁበት ዱቡሻ

ግልባጭ፦
ለጋሞ ዞን ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ መምሪያ
ለጋሞ ዞን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ
አርባ ምንጭ

ጉዳዩ፦ በማላ ልጆችና በእደ ጥበብ ቤተሰብ ልጆች መካከል ያለው የጋብቻ ክልከላ በዱቡሻ እንዲነሣ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ አባቶቼ፣

እኔ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ። ከአርባ ምንጭ ሽቅብ በሚወጣው ደጋ ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁን ሲቀላ በአንድ የሸቀጥ ሱቅ ተቀጥሬ የምሠራ ሴት ነኝ። የምወደው ሰው የማላ ልጅ ነው። እኔ ደግሞ ማና ነኝ። ልንጋባ ተስማምተን ለቤተሰቡ ሲናገር፣ አባቱ ሽማግሌ አልልክም አሉ። ጠባይዋ መጥፎ ነው አላሉም። ሃይማኖታችንም አንድ ነው። ያነሡት ምክንያት እናቴ ጭቃ የምታቦካ መሆኗን ብቻ ነው። ልጃቸው እኔን ቢያገባ ጎሜ (መቅሠፍት የሚያመጣ ነውር) ይሆናል፣ ከብቱ ይሞታል፣ ማሳው አይሰጥም፣ ልጅም አይባረክም ብለው አስጠነቀቁት።

ስሜን ከግርጌ አላስቀመጥኩም። የእኔ ስም ከታወቀ የእሱም ይታወቃል፤ የእናቴም ገበያ ይጎዳል። እናንተ ግን ስሜን ሳታውቁ ጉዳዩን ታውቁታላችሁ፤ በየደሬው፣ በየአካባቢው፣ እንደ እኔ ያለች ልጅ ስላለች።

ይህን ደብዳቤ ከጋሞ ውጭ ያለ ሰውም ሊያነበው ስለሚችል ባጭሩ ላስረዳ። በጋሞ መሬት ያለው፣ የሚያርሰውና በዱቡሻ፣ በመሰብሰቢያው አደባባይ፣ ተቀምጦ የሚመክረው ማላ ይባላል። ሸክላ የሚሠሩት ማና፣ ቆዳ የሚያለፉትና ብረት የሚቀጠቅጡት ደጋላ ናቸው። አጠራሩም ሥርዓቱም ከደሬ ደሬ ይለያያል፤ በአንዱ የላላው በሌላው ይጠብቃል። በሁሉም ዘንድ ጸንቶ የኖረው ግን ማላ ከማናና ከደጋላ አይጋባም የሚለው ነው። ብዙ ቦታ የቀብር ስፍራችን እንኳ ለየብቻ ነበር።

የእናቴን ሥራ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት በገበያ በኩል ነው፤ ከቤት በኩል ልንገራችሁ። አፈሩ የሚወጣው ከእኛ መሬት አይደለም። እኛ ያለን ለጓሮ እንሰት ብቻ የምትበቃ ቁራሽ ስለሆነች፣ ባለ መሬቱን ለምነን ወይም ከፍለን ነው የምንቆፍረው። በጀርባ ተሸክመን ቤት እናደርሰዋለን። ጠጠሩ ይለቀማል፣ ይወቀጣል፣ ይርሳል፣ ይቦካል። እናቴ እንስራውን ያለ ምንም መሣሪያ በመዳፏና በጣቶቿ ታሳድገዋለች፤ አንገቱ ላይ ስትደርስ ትንፋሿን ሁሉ ትይዛለች። ከዚያ ማድረቅ አለ፣ በለስላሳ ድንጋይ ማሸት አለ፣ በመጨረሻም ሜዳ ላይ በሣርና በእንጨት መተኮስ አለ። አንዱ ዕቃ ውስጡ እርጥበት ከቀረው እሳት ላይ ይፈነዳል፤ ሲፈነዳ ደግሞ አጠገቡ ያለውን ይዞ ነው የሚሄደው። የሁለት ሳምንት ልፋት በአንድ ማታ ስባሪ ሲሆን አይቻለሁ። የተረፈውን በሣር አጅላ ወደ ጨንቻ ገበያ ተሸክማ ትወጣለች። ገዢው በጣቱ አንጓ ያንኳኳዋል፤ ድምፁ ከደነዘዘ ስንጥቅ አለው ማለት ነው፣ ትቶት ይሄዳል። ድምፁ ከጠራ ዋጋውን ያወርዳል። ጄሪካንና የአሉሚኒየም ድስት ከመጡ ወዲህ ደግሞ እንስራ ፈላጊው ቀንሷል። የማገዶው ዋጋ ግን አልቀነሰም።

ደጋው በፖም ተለውጧል። የጨንቻ ፖም አዲስ አበባ ድረስ ይሸጣል፣ ችግኙም ራሱ ገንዘብ ነው። ፖም ያለው ሰው ቆርቆሮ ቤት ሠርቷል፣ ልጁን ኮሌጅ አስተምሯል። ይህ ሀብት ወደ እኛ ቤት ያልገባው ሰነፎች ስለሆንን አይደለም። ፖም መሬት ይፈልጋል፤ መሬት ያለው ደግሞ ጥንትም የነበረው ነው። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ አንዳንድ የእደ ጥበብ ቤተሰብ ቁራሽ መሬት እንዳገኘ አባቴ ይነግረን ነበር፤ ለእኛ የደረሰን ከላይ የጠቀስኳት የእንሰት ጓሮ ናት። ሰው ስለ ጎሳና ስለ ዘር ሲያወራ ድህነቱን አብሮ ካላነሣ ጉዳዩን በግማሽ ነው ያወራው። የማና ልጅ የምትናቀው በትውልዷ ነው። ንቀቱን እንዳትመክት የሚያደርጋት ግን ባዶ እጇ ነው።

ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ወደ አርባ ምንጭ የወረድኩትም ለዚህ ነው። ከደጋ የሚወርዱ ልጆች መንገድ ይታወቃል፦ ሰው ቤት መቀጠር፣ ማታ መማር። የተቀጠርኩባት እመቤት ደግ ነበረች፤ የማታ ትምህርቴን እንድማር ፈቅዳልኛለች። አንድ ቀን ከእኛ ሰፈር የመጣች እንግዳ የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገረቻት። ከዚያ ወዲህ ሊጥ እንዳልነካ ተደረግሁ። ማንም ምክንያቱን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም፤ ልብስ ማጠቡና ወለል መወልወሉ ብቻ ቀረልኝ። ብድግ ብዬ መውጣት የማልችልበት ጊዜ ስለነበር ትምህርቴን እስክጨርስ ቆየሁ።

የምወደውን ሰው ያገኘሁት በማታ ትምህርት ነው። የደጋ ሸማኔ ልጅ ነው፤ አባቱ ሸማኔም ቢሆኑ ማላ ናቸው። በልጅነቱ አንድ ዘመድ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ወስዶት፣ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ዘርግቶ ከንጋት እስከ ማታ መወርወሪያ ሲወረውር አድጓል። አምልጦ ተመለሰ፣ አርባ ምንጭ ባጃጅ መንዳት ጀመረ፣ ዘግይቶ ትምህርት ገባ። ሒሳብ ያስቸግረው ነበር፣ እኔ አስረዳዋለሁ። ደብተር ስንለዋወጥ ማን ከየትኛው ቤት እንደመጣ አልተጠያየቅንም። የማን ልጅ እንደሆንኩ መጀመሪያ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው እንዲነግረው አልፈለግሁም። ዝም አለና፣ «ሽሮ ሜዳ እኔንም ሸማኔ እያሉ ነው የሚሰድቡኝ የነበረው» አለኝ።

አባቶቼ፣ ይህ ንግግሩ እናንተንም ይመለከታል። የጋሞ ሰው በጥበቡ የመላ ኢትዮጵያን ሰው ያለብሳል፤ በዚያው ጥበብ ምክንያት ግን በከተማው ተንቋል፣ በሙያው ስም ተሰድቧል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው እየጠሩ መስደብን የሚከለክል አዋጅ ሲያስነግሩ ሸማኔውንና ብረት ሠሪውን አብረው ጠርተው ነው። በአዋጁ ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙ ሰዎች ናቸው። የሽሮ ሜዳው ሸማኔ የስድቡን ምሬት ከማንም በላይ ያውቀዋል። ያንኑ ምሬት አገሩ ሲገባ ለሸክላ ሠሪዋ ልጅ ማቀበሉ ነው የማይገባኝ።

እናቱ ጥጥ ፈታይ ናቸው። ወደ ከተማ ሲመጡ እንደ ጓደኛው ተዋውቀውኝ ወደውኝ ነበር። ቡና አፍልቼላቸዋለሁ፣ መርቀውኛል። ትውልዴን ከሰሙ በኋላ በመጡበት ጊዜ እኔ የጠጣሁበት ስኒ ለብቻው ተቀመጠ። እሳቸውን አልወቅስም። ጎሜን ፈርተው ነው፤ የእውነት ፈርተው። ልጄን መቅሠፍት ይነካብኛል ብላ የምትሰጋ እናት ስጋቷን የምትሰማው ከልቧ ነው። ያን ፍርሃት ከልባቸው ማውጣት የሚችል ሰው ግን እኔ አይደለሁም፣ ልጃቸውም አይደለም።

«ይሄ እኮ ድሮ ቀረ» የሚሉኝ የተማሩ ሰዎች አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ብዙ ነገር ቀርቷል። ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠናል። ቤተ ክርስቲያን አብረን እንዘምራለን። ወጣቱ ምግብ ቤት ገብቶ አብሮ ይበላል። ዴና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት በፈረንጆቹ 2003 ስለ ደቡብ ኢትዮጵያ የተገለሉ ባለሙያዎች ባሳተሙት መጽሐፍ ከጻፉት መገለል አንዳንዱ ዛሬ ላልቷል። ጋብቻ ላይ ሲደርስ ግን ያ ሁሉ ይቆማል። ወንበሩን የተጋራኝ፣ መዝሙሩን አብሮኝ የዘመረው ሰው ወንድሙ እኔን እንዳያገባ ሊከለክል ይሮጣል።

ስለ አንድ ነገር ደግሞ ማፈር ትቼ ልጻፍ፤ ሌሎቹ ሴቶች ስለማይጽፉት። በቀን ሰላም የማይሉን፣ በማታ የሚፈልጉን ወንዶች አሉ። ከማና ልጅ ጋር በድብቅ የሄደ ወንድ ጎሜውን ሲፈራ አላየሁም። ጎሜው የሚነሣው ልጅቷ በአደባባይ ሚስቴ ትሁን ስትባል ነው። ስታረግዝ ደግሞ ልጁ አባት አልባ ሆኖ ከአያቱ ጋር ጭቃ ሲያቦካ ያድጋል። እንዲህ ያለች ጓደኛ አለችኝ። የምወደው ሰው ከእነዚያ ወንዶች የሚለየው ፍቅሩን ወደ አደባባይ ማምጣት ስለፈለገ ነው፤ የተቀጣውም በዚህ ነው።

ሕጉ ለእኛ ቆሟል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰው በማኅበራዊ አመጣጡም ሆነ በትውልዱ ልዩነት እንዳይደረግበት ይላል። አንቀጽ 34 ዕድሜያቸው ለጋብቻ የደረሰ ወንድና ሴት የማግባት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 35 ሴቶችን ከጎጂ ልማድ ተጽእኖ ማላቀቅ የመንግሥት ግዴታ ነው ይላል። የቀድሞው የደቡብ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 75/1996፣ ጋብቻ በሁለቱ ተጋቢዎች ፈቃድ ላይ እንዲቆም ደንግጓል። ክብር መዝገብ ሹም ፊት ቀርበን መፈረም እንችላለን፤ ማንም አይከለክለንም።

ታዲያ ለምን ለእናንተ እጽፋለሁ? ፊርማው ባልና ሚስት ያደርገናል እንጂ ጎረቤት አያደርገንም። እሱ ከፈረመ በኋላ አባቱ ሲታመሙ ቤት አይገባም። የአባቱ መሬት ለወንድሞቹ ይከፈላል። እርሻውን ለማገዝ ደቦ አይወጣለትም። ሲሞት የት ይቀበራል? ልጃችን ታማ ብትሞት፣ ኃዘኑ የጎሜ ማረጋገጫ ተደርጎ በየቤቱ ይወራል። ይህን ሁሉ ዳኛ ሊፈርድልን አይችልም። በደጋው ላይ የሰውን ልብ የሚፈታው የእናንተ ቃል ነው።

የእናንተ ቃል ምን እንደሚችል እኔም ዓይቻለሁ፣ አገርም ዓይቷል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ ወገኖቻችን ሲገደሉና ሲፈናቀሉ፣ አርባ ምንጭ ላይ ወጣቱ በቁጣ ወጣ። ቁጣው ምንም ያልበደሉ የሌላ ብሔር ሰዎች ላይ ሊደርስ ነበር። እናንተ ምንም መሣሪያ ሳትይዙ፣ እርጥብ ሣር በእጃችሁ ይዛችሁ መንገዱ ላይ ተንበረከካችሁ። የወገኑ ደም የሚያንገበግበው ወጣት ሣሩን ዓይቶ ተመለሰ። ፖሊስ ሊያቆመው የማይችለውን ቁጣ ባህላችን አቆመው። ኢትዮጵያ ሁሉ «የጋሞ አባቶች» ብሎ ያመሰገናችሁ በዚያ ነው። እኔም ያን ቀን የጋሞ ልጅ በመሆኔ ኮራሁ። ለሌላ ብሔር ሰው ሕይወት የተንበረከኩ አባቶች ለራሳቸው ልጅ ጉዳይ ዝም ይሉ ይሆን ብዬ ማሰብ አልቻልኩም። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ ይኸው ነው።

ከእናንተ የምለምነው ነገር ደግሞ በሌላ አገር ተደርጓል። በናይጄሪያ የኢግቦ ሕዝብ ዘንድ ኦሱ የሚባሉ ሰዎች ለዘመናት ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ ተከልክለው ኖረዋል። የምሥራቅ ናይጄሪያ ሕግ አውጪዎች በፈረንጆቹ 1956 በሕግ ሻሩት። ሕጉ ወጣ፣ ክልከላው ግን በቤተሰብ ውስጥ ቀጠለ፤ ፍቅረኞች በሠርግ ዋዜማ ሲለያዩ ኖሩ። ቆይቶ፣ እናንተ በተንበረከካችሁበት በዚያው በ2011 ዓ.ም.፣ በታኅሣሥ ወር፣ ንሪ በተባለችው ጥንታዊት ከተማ ባህላዊ መሪዎች ተሰብስበው ክልከላውን በራሳቸው ሥርዓት ሻሩ። በአንድ ጉባኤ ሁሉም ነገር አልተለወጠም፤ ይህን ለማንም አልዋሽም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ «አባቶች ከልክለዋል» የሚል ሰው መከራከሪያው ደከመ። የኢግቦ ልጅ ልትል የምትችለውን «አባቶች ፈትተውታል» የሚለውን ቃል እኔም ማለት እፈልጋለሁ።

ጎሜ የማይፈታ እንዳልሆነ ደግሞ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ጎሜ የነካው ሰው በደሉን ተናግሮ፣ ሽማግሌ አስታርቆት፣ ተመርቆ ሲድን አይተናል። የዱቡሻ ወግም ድንጋይ ላይ የተጻፈ አይደለም፤ ተሰብስባችሁ፣ ተነጋግራችሁ፣ ሁሉም እስኪስማማ ተከራክራችሁ የምትወስኑት ነው። አያቶቻችሁ የወሰኑትን እናንተ ስታሻሽሉ ኖራችኋል።

ስለዚህ የሚቀጥለው ዮ መስቀላ፣ የመስቀል በዓላችን፣ ሲመጣ፣ ከአዲስ አበባም ከየከተማውም ልጆቻችሁ ወደ ደጋው ሲሰባሰቡ፣ በየዱቡሻው ላይ ይህን ጉዳይ አንሡት። ሁሉም ደሬ በአንድ ቀን እንዲስማማ አልጠይቅም፤ አንድ ደሬ ቢጀምር ሌላው ያያል። በእርጥብ ሣር ፊት፣ ማላና ማና፣ ማላና ደጋላ ቢጋቡ ጎሜ እንዳይሆን ፍቱት። የቀብር ስፍራው አሁንም ለየብቻ ካለበት አንድ አድርጉት። ከቤተሰብ ጋር የተጣላ ልጅ ካለ፣ አባቱ ዘንድ እናንተ ራሳችሁ ሽማግሌ ሆናችሁ ሂዱ፤ ለልጁ ሽማግሌ አልልክም ያለ አባት እናንተን እንቢ አይልም።

ዱቡሻው ላይ ይህ ሲመከር ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ አልፊዎች በዳር ቆመው የሚሰሙ አይሁኑ፤ ይቀመጡ፣ ይናገሩ። ሴቶችም ይናገሩ። በደጋችን ሴት በአደባባይ ስትናገር መስማት አዲስ ነገር አይደለም፤ የዲታዋ ጪማቴ ጩምባሎ የሕዝብ መሪ ነበረች፣ አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ጁዲት ኦልምስቴድም ታሪኳን በፈረንጆቹ 1997 በመጽሐፍ አሳትማዋለች። የጪማቴን ታሪክ ልጆቻችን ይወቁት። ከዚያው ደጋ የምትወጣ የሸክላ ሠሪ ልጅም ስለ ራሷ ጋብቻ ስትናገር ይስሙ።

ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ መምሪያ የማቀርበው ጥያቄ ከዚህ ይለያል። በትውልዷ ምክንያት ጋብቻዋ የተከለከለ፣ ወይም ሳትጋባ ወልዳ አባቱ የካደባት ልጅ፣ መጥታ የምትናገርበት፣ ስሟ የማይወጣበት አንድ ሰው በየወረዳው መድቡላት። የልጁን አባትነት በፍርድ ቤት ለማረጋገጥ ገንዘብም እውቀትም የላትም፤ የሚያግዛት ያስፈልጋታል። አፈር የሚወጣባቸው ቦታዎችም ለሸክላ ሠሪ ሴቶች ማኅበራት በሕጋዊ መንገድ እንዲሰጡ ከመሬት አስተዳደር ጋር ተነጋገሩ። እናቴ አፈሩን መለመን ብታቆም፣ ዋጋዋን ራሷ ብትወስን፣ ጎረቤት የሚያያት ዓይንም ይለወጣል። መከባበር በምርቃት ብቻ እንደማይመጣ ስላየሁ ነው ይህን የምለው።

የባህልና ቱሪዝም መምሪያም ይስማኝ። በበዓላትና በዐውደ ርዕዮች የጋሞ ጥበብ ሲታይ ጀበናውና ጋኑ ከፊት ይደረደራል። የሠራችውን ሴት ስሟን ጻፉላት፤ ከክብር እንግዶች ጎን አስቀምጧት። አባቶች እሷን አጠገባቸው ተቀምጣ ሲያዩ፣ ልጆቻቸው ልጇን ቢያገቡ ምን እንደሚሆን በሌላ ዓይን ያስቡታል።

እኔና እሱ እየጠበቅን ነው። ከተማ ጠፍተን፣ ሀዋሳ ወይም አዲስ አበባ ሄደን፣ ማንም የማን ልጅ እንደሆንን በማያውቅበት መኖር እንችል ነበር። ብዙዎች እንዲያ አድርገዋል፤ አልፈርድባቸውም። እኛ ግን እናቴ ባለችበት፣ እናቱ ባሉበት፣ በተወለድንበት ደጋ ተመርቀን መጋባት ነው የምንፈልገው። ሸሽቼ ባገባ እናቴ ልጇ የተዳረችበትን ቀን አታይም፤ ሠርጌ ላይ ተቀምጣ፣ ሌሎች እናቶች አጠገቧ ተቀምጠው፣ ከአንድ ማዕድ ሲበሉ እንድታይ እፈልጋለሁ።

መልሳችሁን በጽሑፍ አልጠብቅም። በዮ መስቀላ ወደ ደጋው እወጣለሁ፤ ዱቡሻው ላይ ቆሜ እሰማለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
የሸክላ ሠሪዋ ልጅ
ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ